የፈሰሰና ያልፈሰሰ ሐሞት

ጡረታ በወጣሁ ቀን የሆስፒታላችን ሰዎች ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ወንበር ደርድረው ሸኙኝ። ለስላሳ ተከፈተ፣ ጣፋጭ ዞረ። አዲስ የመሣሪያ ማጠቢያ ብሩሽ ግዙልኝ ስለው ሃያ ዓመት ሙሉ ራሱን ሲነቀንቅ የኖረው ሙዲራችን፣ የሆስፒታሉ ኃላፊ ማለቴ ነው፣ «ያለ አንቺ ምን ይውጠናል» ብሎ ዓይኑን ጠራረገ። ብሩሹን ቢገዛልኝ ይሻለኝ ነበር። ቀጥሎ ዶክተር ኢስማኢል ተነሣና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ዛሬ ለሲስተር ጥሩ በአማርኛ እናገራለሁ» አለ። እኔም ብድግ ብዬ «በዓረብኛ ይሁን» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ያ ሰው አንድ ቀን በአማርኛ የተናገራት ነገር ምን እንዳስከተለች የምናውቀው እሱና እኔ ነን፤ ሌላ የምታውቅ አንዲት ልጅ አለች፣ እሷ በሽኝቱ አልነበረችም።

ስሜ ጥሩወርቅ ነው። ከጎንደር ወጥተን ሱዳን ውስጥ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ሰፈር ስንገባ ልጅ ነበርኩ። ሥራ የጀመርኩትም እዚያው ክሊኒክ ውስጥ መርፌ በመቀቀል ነው። ደርግ ወድቆ ብዙው ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ አባቴ «እስቲ ትንሽ እንየው» አለ፤ እያየን ቀረን። እኔም ገዳሪፍ ከተማ ገብቼ ነርስነት ተማርኩ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በወባና በካላዛር ክፍል አሳለፍኩ። ያን ጊዜ የነበሩት አለቃችን የአንሶላ እጥፋት ትክክል ካልሆነ በሽተኛው የሚሞት የሚመስላቸው ሴት ነበሩ። ስለ ደመወዙ አላወራም። ሱዳኖች «ይቅርታ፣ ምንም አይደል» ለማለት «ማሌሽ» የሚሏትን ቃል የፈጠሩት ለእሱ ይመስለኛል።

ዶክተር ኢስማኢል ከካርቱም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሻዩን ማር እስኪመስል በስኳር የሚያጠግብ ሰው ነው። አንቱ አልለውም፤ በሱዳን ዓረብኛ አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ በዚያው ለመድኩት። በሻንጣ ይዞት የመጣው መሣሪያ በአፍ ገብቶ ሆድ ዕቃን በመብራት የሚያሳይ ረጅም ጥቁር ቱቦ ነበር። እኔን ከካላዛር ክፍል ጠርቶ «እጅሽ አይንቀጠቀጥም፣ ነይ» አለኝ። ቃለ መጠይቁ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ሥራችን ሁሉ ደም ነበር። የብልሃርዚያ ትል ጉበታቸውን ያደረቀባቸው ገበሬዎች የጉሮሯቸው የደም ሥር አብጦ ይፈነዳና ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ደም እያስታወኩ ይመጣሉ። በቱቦው ገብተን ያበጠውን ሥር በትንሽ የጎማ ቀለበት እናንቀዋለን። በዚያ ሁሉ ጥድፊያ መካከል ዶክተር ኢስማኢል የማይለቃቸው ልማዶች ነበሩት። ቱቦውን ማጠቡን ለማንም አይተውም ነበር፤ አጥቦ፣ ነፍቶ፣ አድርቆ ሲያበቃ ጫፉን ወደ አፍንጫው ያስጠጋል። «ሲስተር፣ አፍንጫሽ ያልወደደውን የሰው አፍ ውስጥ አትክተቺ» ይለኛል። በሽተኛውን ሳያስተኛ በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥና ቱቦውን በእጁ ያስይዘዋል። የፈራ ሰው ነገሩን ሲዳስሰው ፍርሃቱ ይቀላል፤ ይኼን ያየሁት ከእሱ ነው።

ሦስተኛው ልማዱ አማርኛው ነው። እግዜር ይይለት።

በመከር ጊዜ ከመተማና ከጎንደር ቆላ ከሚወርዱት የሰሊጥ አጫጆች ቃል እየለቀመ የራሱን አማርኛ ሠራ። ሴቱንም ወንዱንም አንተ ይላል። ባልቴቶቹ ይወዱታል፤ «ጎሽ የኔ ልጅ» እያሉ ያበላሹታል። ሳርመው ይከራከረኛል። የገዛ ቋንቋዬን ሰዋስው ለእኔ ያስተምረኛል። አስተርጓሚ አድርገህ ተጠቀምብኝ ስለው፣ «በሽተኛ ከሐኪሙ አፍ መስማት አለበት» ይላል። ሐሳቡ ደግ ነው። ደግ ሐሳብ ስንቱን እንደገደለ የሚያውቀው የሆስፒታል ሰው ነው።

ከዓመታት በኋላ አሮጌ የኤክስሬይ መሣሪያ ከአንድ ቦታ አስመጣና የሐሞት ቱቦ ሥራ ጀመርን። ይኼ ሥራ ሌላ ነው። ቱቦው ከጨጓራ አልፎ አንጀት ይገባል፤ እዚያ ሐሞት የሚወርድባት የጡት ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። በእሷ በኩል ቀጭን ሽቦ ወደ ጉበት ይላካል። ሐኪሙ ምስሉን ያያል፣ ሽቦው ግን በረዳቱ እጅ ነው። ሐኪሙ በሽቦው ላይ ያለውን መሣሪያ ወደ ኋላ ሲስብ ረዳቱ ሽቦውን በዚያው ልክ ወደ ፊት ካልገፋ ተንሸራቶ ይወጣል፣ የተደከመበት ሁሉ ገደል ይገባል። ይኼን ለመልመድ በረንዳው ላይ የውሃ ጎማና የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ይዘን ስንሳሳብ ሰው ያበድን መስሎት ነበር። ጠባብ ቦታ ሲደርስ ሽቦው በጣት ይናገራል። ሲያልፍ ደግሞ ጣት ከዓይን ቀድሞ ያውቃል። ጨረር እንዳይመታን የምንለብሰው የእርሳስ ሽርጥ ወገቤን ቆርጦ ጣለው፤ አሁን ካልጋዬ ስነሣ የማማርረው እሱን ነው።

ጋሽ ደምለው የመጡት በዚያ ዘመን ነው።

ጠረፍ ላይ ባለችው ቁረይሻ ሰፊ የሰሊጥ መሬት የሚያርሱ፣ ገዳሪፍ ገበያ ሲገቡ ሰው የሚነሣላቸው የጎንደር ሰው ነበሩ። የጠረፍ ኑሮ እንደምታውቁት ነው። ሽፍታ አለ፣ ከብት ነጂ አለ፣ ድንበር እያለ የሚመጣ አለ፤ ገበሬ ስሙ ካልተፈራ ሰሊጡ አያድርለትም። ጋሽ ደምለው ስማቸው ይፈራ ነበር። ጉበታቸውን ግን ቫይረስ በላው። ካይሮ ተወስደው ልጃቸው ሰላም ከጉበቷ ከግማሽ በላይ ተቆርጦ ተሰጣቸው። ጉበት እንደ ሌላው አካል አይደለም፤ የሰጠውም ላይ ያድጋል፣ የተቀበለውም ላይ ያድጋል። ሰላም ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች፣ ግማሽ አፏ ዓረብኛ የሆነ ለጋ ልጅ ናት። አባቷ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ ጉበት ስጡ ሲባል ሁለቱም ሥራ በዝቶባቸው ነበር።

ከተመለሱ ከወራት በኋላ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፣ ገላቸውን ማከክ ያዛቸው። የእሷ የሐሞት ቱቦ ከእሳቸው ቱቦ ጋር የተሰፋበት ቦታ ጠቦ ነበር። ይኼ የጉበት ንቅለ ተከላ የታወቀ ጣጣ ነው፤ ጉበቱ ደህና ሆኖ መውጫው ይዘጋል። ካይሮ ለመመለስ አቅሙ ስላልነበረ ዶክተር ኢስማኢል «እኛ እንሠራዋለን» አለ። እንዴት እንደሚሠራም ነገራቸው። ጠባቡን ቦታ በትንሽ ፊኛ እናሰፋለን፣ እንደገና እንዳይጠብ የፕላስቲክ ቱቦ እንተክላለን፤ የፕላስቲክ ቱቦ ግን በዝቃጭ ስለሚደፈን በየሦስት ወሩ እየመጡ መቀየር ነው፣ ዓመት ያህል። ይኼን በዓረብኛ ነገራቸው፣ እኔ በአማርኛ ደገምኩት፣ ሰላም በሁለቱም ደገመችው። ጋሽ ደምለው «ገባኝ» አሉ።

ሥራው እጅ የሚያስስም ነበር። ሽቦው ጠባቡ ቦታ ላይ እምቢ ብሎ ብዙ አስቸገረን፤ በመጨረሻ ጣቴ ላይ ሲላላ ተሰማኝና «አለፈ» አልኩ። ፊኛው ተነፋ፣ ቱቦው ገባ። የታመቀው ጥቁር አረንጓዴ ሐሞት በቱቦው ጫፍ ግልብጥ ብሎ ሲወርድ ዶክተር ኢስማኢል የእርሳስ ሽርጡን እንደለበሰ ጨፈረ።

በማግስቱ ጋሽ ደምለው አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ነበር። ከቁረይሻ የመጡ ጠያቂዎች፣ ሽማግሌውም ጎረምሳውም፣ ክፍሉን ሞልተውታል። ዶክተር ኢስማኢል እየሳቀ ገባ። እኔ ከኋላው መርፌ ይዣለሁ። አፉን ሲከፍት ነገሩ ገባኝ፣ ግን አልደረስኩበትም።

«ጋሽ ደምለው! ደስ ይበልህ! ሐሞትህ ፈሰሰ! በጣም በጣም ፈሰሰ!»

በእኛ ቋንቋ ሐሞቱ ፈሰሰ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ለወንድ፣ ያውም ለጠረፍ ሰው፣ ያውም በአገሩ ሰው ፊት።

«ዶክተሩ ማለቱ ቱቦው ተከፈተ ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«ያለው ተሰምቷል እታለም» አሉ ጋሽ ደምለው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ወሬዬን ሱዳኑም ሰማ ማለት ነው።»

ከጎረምሶቹ አንዱ አፉን በነጠላው ሸፈነ። ያ ሳቅ ነው ነገሩን ያበላሸው።

ዶክተር ኢስማኢልን ኮሪደር ላይ ይዤ ስነግረው ዓይኑን አፈጠጠ። «ግን ፈሷል እኮ! አንቺም አይተሽዋል!» አለኝ። አይቻለሁ። ሳይንሱ ላይ ምን ብዬ ልከራከረው? ተወው፣ እኔ አስረዳቸዋለሁ ብዬ ለመንኩት። እሱ ግን የተበላሸ ነገር ሳያቃና አያድርም፤ ከሰዓት በኋላ ብቻውን ተመልሶ ሄዶ፣ «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ፤ ሐሞትህ ምንም አልፈሰሰም» አላቸው። ጋሽ ደምለውም፣ «እንግዲያ ትናንት ያን ሁሉ ሰዓት ምን ስትሠሩብኝ ዋላችሁ?» ብለው በማግስቱ ወጥተው ሄዱ።

ሦስት ወር ሞላ፣ አልመጡም። ማሳከኩ ስለጠፋ ዳንኩ ብለዋል። ሰላም ስልክ እየደወለች ታለቅስብኝ ነበር። ቁረይሻ ላይ አጫጆቹ «ፈሰሰ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል፤ ውሃ ሲቀዳ እንኳ «ፈሰሰ» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። ጋሽ ደምለው እንደገና ሆስፒታል ቢገቡ ስሙን አጸኑት ማለት ነው። «እዚያ ቤት ዳግም አልተኛም» ብለው ማሉ። የሰው ልጅ ሞኝነት ለከት የለውም። የሰፋን ቱቦ በስም የሚያስደፍን ሰው ከየት ይመጣል? ከእኛ ዘንድ ይመጣል።

መከር ሲገባ ሰላም ራሷ መጣች። የተጠቀለለችበት ቶቧ አቧራ ለብሷል።

«ሲስተር፣ አቡይ፣ አባቴ፣ ዓይኑ ተመልሶ አስፈር ሆኗል፣ ቢጫ። ትኩሳትም አለው። የወፍ በሽታ ነው ብለው ባሱንዳ ያለ መድኃኒተኛ ዘንድ ወስደውት ነበር፣ ቅጠል አጠጡት። ወላሂ ብነግራቸው አይሰሙኝም።»

የወፍ በሽታ። የሌሊት ወፍ ባናቱ ያለፈችበት ሰው ቢጫ ይሆናል ይላሉ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከሐሞት ድንጋይ፣ ከካንሰር፣ ከተደፈነ ቱቦ ጋር ስንታገል ቀድማን የምትገኘው ያቺ ወፍ ናት። ሰላም ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያስጨንቃት።

«ሲስተር፣ ጉበቴ ነው እንዴ? የኔ ጉበት ፋሲድ ሆኖ ይሆን፣ የተበላሸ?»

«ያሰፋነው ቦታ ነው የተደፈነ። ጉበትሽ ምንም አላጠፋ» አልኳት። አላመነችኝም።

ለዶክተር ኢስማኢል ክፍሉን አዘጋጅ ብዬው በኪራይ መኪና አብሬያት ሄድኩ። ጋሽ ደምለው እርሻው ዳር ከሣር በተሠራ ዳስ ሥር ተቀምጠው አጫጆቹን ያዛሉ። ፊታቸው የበሰለ ዘይቱን መስሏል፣ ከንፈራቸው በትኩሳት ተሰነጣጥቋል።

«ጋሽ ደምለው፣ አሁኑኑ ይነሡ፤ መኪና ይዣለሁ» አልኳቸው።

«ሰሊጡ ይግባ።»

«ሰሊጡን ሌላ ሰው ያስገባዋል።»

«ሰሊጥ ቀኑ ካለፈ ይረግፋል፣ አንች የገበሬ ልጅ አይደለሽም? ሰሊጡን አርግፎ ሆስፒታል የተኛ ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ።»

ትዕግሥቴ አለቀ። አጫጆቹ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ፣ «ሐሞትዎ ቢፈስማ እሰየው ነበር! አልፈስ ብሎ ነው እየገደለዎት ያለ!» አልኩ። ማጭድ ሁሉ ቆመ። ጋሽ ደምለው አፈር አፈሩን ያያሉ። ተናግሬም አልጠቀምኩ፤ ያቺ ቃል እንደገና በሰው ፊት ተጠራች።

ያኔ ሰላም ከአባቷ ፊት መጥታ ቆመች።

«ኸላስ፣ በቃ አቡይ። አትምጣ። ጉበቴን ግን መልስልኝ።»

ጋሽ ደምለው ልጃቸውን ረጅም ጊዜ ተመለከቷት። ከዚያ ምርኩዛቸውን ፈልገው ተነሡ፣ ማንም ሳይደግፋቸው ሄደው መኪናው ውስጥ ገቡ። መንገዱን ሙሉ እጇን አልለቀቁም።

ሥራው ላይ መብራት ሄደብን። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ሽቦውን ጨለማ ውስጥ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ተንቀሳቅሶ ቢሆን ኖሮ እጄን እቆርጠው ነበር። አልተንቀሳቀሰም። የተደፈነውን አወጣን፣ አዲሱን ተከልን። የወጣው ግን ሐሞት አልነበረም፤ መግል ነበር፣ ብዙ መግል፣ ሐሞቱ የመጣው ከእሱ በኋላ ነው። ዶክተር ኢስማኢል አልጨፈረም። ሰውነታቸው የሰው ጉበት እንዳይገፋ ብለው የሚወስዱት ክኒን መከላከያቸውን አድክሞታል፣ መግሉ ደማቸው ውስጥ ገብቷል። ያለንን መድኃኒት ሁሉ ሰጠን። ቱቦው ክፍት ሆኖ፣ ሐሞቱ ኩልል እያለ እየወረደ፣ ሰውየው ሞቱ። በሥራዬ ከዚህ የከፋ ነገር አላየሁም። ሁሉን በትክክል ሠርተህ መዘግየት።

ለቅሶው ገዳሪፍ ነበር። ድንኳን ተተከለ፣ ከቁረይሻ፣ ከባሱንዳ ሰው ጎረፈ። የሰላም ሁለት ወንድሞች ሥራቸውን ትተው መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። እኔ ከሰላም ጎን ነኝ። ዶክተር ኢስማኢል ሊያጽናናት መጥቶ እንደ ሱዳኖች ልማድ መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ ሲያደርግ አልቃሿ ተነሣች።

«ከቁረይሻ ባሱንዳ ስሙ የደረሰ፣
የጠረፉ አንበሳ ሐሞቱ ያልፈሰሰ።»

ሰው ሁሉ ደረቱን እየመታ ተቀበላት። ሐሞቱ ያልፈሰሰ፣ ሐሞቱ ያልፈሰሰ። «ፈሰሰ» ብለው ስም ያወጡትም ጎረምሶች አብረው አስነኩት። እኔ ጥርሴን ነክሼ ቀረሁ፤ «አልፈስ ብሎ አይደል የገደላቸው» የምትለው ከአፌ ብታመልጠኝ ሬሳ ላይ የምሳደብ ነበር የምመስለው። ዶክተር ኢስማኢል ምን አለች ብሎ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ወደ እሱ ዞርኩ። ያገኘውን ቃል ሁሉ ተርጉሚልኝ ማለት ልማዱ ነበር።

«አትተርጉሚልኝ» አለኝ በዓረብኛ። «ገብቶኛል።»

እጆቹን ወደ ታች አወረዳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ እስከ ሽኝቴ ድረስ ለበሽተኛ በአማርኛ ሲናገር አልሰማሁትም፤ ሁሉን በእኔ በኩል አደረገው። ያን ሁሉ ዓመት ዝም በል ስለው የኖርኩት እኔ፣ ዝም ሲል ደስ አላለኝም።

ድንኳኑ ውስጥ ግን አንድ ጊዜ ተናገረ። ሰላም ቀና ብላ አየችው። እኔን የጠየቀችኝን፣ እኔን ያላመነችበትን ነገር እሱንም ጠየቀችው።

«ዶክተር፣ ጉበቴ ነው ወይ አቡይን የገደለው?»

በዓረብኛ ነበር የጠየቀችው፤ በዓረብኛ ቢመልስላት ይቀለው ነበር። እሱ ግን አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ቁጢጥ አለና ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ መለሰላት።

«ያንተ ጉበት ጎበዝ ናት» አላት። «ምንም ጥፋት የለውም። እስከ መጨረሻ አልሮጠም። ጎበዝ ናት።»

ሰላም አባቷ ከሞቱ ጀምሮ ያን ጊዜ ገና አለቀሰች። እኔ ከዶክተር ኢስማኢል አማርኛ ያላረምኩት እሱን ብቻ ነው።